አንበሳው፣ ጠንቋይዋና የሆሳዕና አንባቢ

አራት ወንድማማችና እህትማማች ልጆች ለንደን በቦምብ ስትደበደብ ገጠር ወዳለ ትልቅ ቤት ይላካሉ። ዝናብ ከደጅ ባገዳቸው ቀን ቤቱን ሲያስሱ ትንሿ ሉሲ ባዶ ክፍል ውስጥ ከቆመ ቁም ሣጥን ትገባለች። የተሰቀሉትን ካፖርቶች በእጇ እየገፋች ወደ ውስጥ ስትዘልቅ የሣጥኑ ጀርባ የለም፤ እግሯ በረዶ ይረግጣል፣ ጫካ መካከል የመንገድ መብራት በርቶ ታያለች። ከወገቡ በታች ፍየል የሆነ ሰው ጃንጥላ ይዞ፣ ዕቃ ታቅፎ ከፊቷ ብቅ ይላል። «አንበሳው፣ ጠንቋይዋና ቁም ሣጥኑ» እንዲህ ይጀምራል።

መጽሐፉን የጻፈው ቤልፋስት ተወልዶ ኦክስፎርድ ያስተምር የነበረው ሲ. ኤስ. ሉዊስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1950 ወጣ፤ እስከ 1956 ድረስ ስድስት ተከታዮች ተጨመሩለትና የናርኒያ ታሪኮች ተባሉ። ከመቶ ሚሊዮን በላይ ቅጂ ተሸጦላቸዋል፤ ከአርባ በላይ በሆኑ ቋንቋዎች ተተርጉመዋል። እንደነዚህ መጻሕፍት ከየአቅጣጫው የተተቸ የልጆች ልብ ወለድ ጥቂት ነው። አንዱ «ስብከት በዝቶበታል» ሲል ሌላው «ጥንቆላ ያስተምራል» ይላል። ሦስተኛው «ሴት ልጅን በድሏል» ብሎ ይከሳል፣ አራተኛው «ጠይም ሰውን ጠላት አድርጎ ስሏል» ይላል። አብዛኛው ክርክር የተካሄደው እንግሊዝና አሜሪካ ነው። ከሀዲያና ከከምባታ ከተሞች፣ ከሆሳዕና፣ ከዱራሜ፣ ከሾኔና ከሺንሺቾ ሆኖ ሲታይ ግን የክርክሩ መልክ ይለወጣል፤ አንዳንዱ ክስ ይከብዳል፣ አንዳንዱም ከነጭራሹ ይገለበጣል።

የሚከብደው የጥንቆላው ክስ ነው። በ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ መሠረት ከሀዲያ ዞን ነዋሪ ከአራቱ ሦስቱ፣ ከከምባታ ጠምባሮ ደግሞ ከአሥሩ ዘጠኙ ያህል ፕሮቴስታንት ነበር። ሚሲዮናውያን እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ መጨረሻ ወደ አካባቢው ገቡ፤ ጣሊያን ከአሥር ዓመት በኋላ አባረራቸው። ቤተ ክርስቲያኒቱ በብዛት ያደገችው እነሱ በሌሉበት፣ በአገሬው ሰዎች እጅ ነው። የመጀመሪያው ትውልድ አማኝ ወደ አዲሱ እምነት የመጣው የጥንቆላ ዕቃውን ጥሎና አቃጥሎ ነበር። ለእንግሊዛዊ ልጅ ጠንቋይ ማለት ሾጣጣ ባርኔጣ የደፋች የመጽሐፍ ሥዕል ናት። እዚህ ግን የጠንቋዩ ቤት የት ሰፈር እንደሆነ፣ ማን ስንት ከፍሎ እንደተመለሰ የሚያወሩ አያቶች አሁንም አሉ። ከምባታ ውስጥ የሐምበሪቾ ተራራ ዛሬ 777 ደረጃ ተሠርቶለት ጎብኚ ይወጣዋል፤ አያቶች ግን አባ ሰሬቾ የሚባል የድሮ እምነት ሥርዓት ይፈጸምበት የነበረ፣ ተራ ሰው እንደልቡ የማይረግጠው ስፍራ እንደነበር ያስታውሳሉ።

እንዲህ ባለ ቤት ያደገ ወላጅ ርዕሱ ላይ «ጠንቋይ» የሚል መጽሐፍ በልጁ እጅ ሲያይ ቢደነግጥ አላዋቂ አያሰኘውም። ዘዳግም ምዕራፍ 18 ጥንቆላን፣ ሟርትንና ሙታን መጥራትን በዝርዝር ይከለክላል። የሐዋርያት ሥራ 19 ደግሞ የኤፌሶን አማኞች ብዙ ብር የሚያወጡ የአስማት መጻሕፍትን እንዴት በአደባባይ እንዳቃጠሉ ይተርካል። ይህን እየሰማ ላደገ ሰው የአስማት መጽሐፍ ለጨዋታ የሚሆን ነገር አይደለም።

ከዚህ ክስ ሥር ሌላም ነገር አለ፤ እንግሊዝ አገር የሚከራከሩት ሰዎች አያውቁትም። በሀዲያና በከምባታ ሸክላ የሚሠሩና ቆዳ የሚያለፉ ቤተሰቦች ለብዙ ዘመን ከሌላው ተገልለው ኖረዋል፤ ከእነሱ ጋር በአንድ ገበታ መቅረብ፣ መጋባትም ነውር ነበር። በብዙ የኢትዮጵያ ክፍል ባለእጁ ዐይኑ ሰው ይበላል፣ ሌሊት ሌሊት ጅብ ይሆናል ሲባል ኖሯል። ይህ ተረት የጎዳቸው ሰዎች ስምና ደጃፍ ያላቸው ጎረቤቶች ናቸው። ስለዚህ ስለ ድብቅ ኃይል የሚወራ ታሪክ ሁሉ ንጹሕ መዝናኛ ነው ብሎ መከራከር እዚህ አያዋጣም። ሆኖም ልዩነቱ መታየት አለበት። የናርኒያዋ ነጭ ጠንቋይ የማንም ጎረቤት አይደለችም፤ መጽሐፉን ያነበበ ልጅ በማግስቱ የማንንም በር በጥርጣሬ አያይም። ሊያሳስብ የሚገባው ተረት ጎረቤትን የሚያስጠረጥረው ነው፤ እሱ ደግሞ ያለ መጽሐፍም ሲነገር ኖሯል።

ተከላካዮቹ ምን ይላሉ? ቀዳሚው መልሳቸው ቀላል ነው፦ ጠንቋይዋ የታሪኩ ጠላት ናት፤ በመጨረሻም ትሸነፋለች። ሁለተኛው ጠለቅ ይላል። አስላን የተባለው አንበሳ በከዳተኛው ልጅ በኤድመንድ ፈንታ በድንጋዩ ጠረጴዛ ላይ ይታረዳል፤ ሲነጋ ግን ሕያው ሆኖ ይገኛል። የሰንበት ትምህርት የተማረ የሆሳዕና ልጅ ይህ ታሪክ ከየት እንደመጣ ለማወቅ አስረጂ አያስፈልገውም። ሦስተኛውን መልስ የሚሰጠው መጽሐፍ ቅዱስ ራሱ ነው። በመጽሐፈ መሳፍንት ምዕራፍ 9 ኢዮአታም ተራራ ላይ ቆሞ፣ ዛፎች ንጉሥ ሊያነግሡ ተሰብስበው ሲነጋገሩ የሚያሳይ ተረት ያወራል፤ የበለዓም አህያም በዘኍልቍ ትናገራለች። የሚናገር እንስሳ ከእምነት ጋር ይጣላል ያለ ሰው እነዚህን ሁለቱን ምን እንደሚያደርጋቸው ማሰብ ይኖርበታል።

ከሁሉ የሚያከራክረው ማስረጃ ግን የጆን ቡንያን መጽሐፍ ነው። ክርስቲያን የሚባል መንገደኛ ከጥፋት ከተማ ተነሥቶ ወደ ሰማያዊቱ ከተማ ይሄዳል፤ በመንገዱ ረግረግ፣ ክንፍና ቅርፊት ያለው ጭራቅ፣ ሰዎችን በጉድጓድ የሚያስር ግዙፍ ሰው ይገጥሙታል። ለልጅ ካነበቡለት ይህ የጀብዱ ታሪክ ነው፤ ጭራቁን ሲሰማ ልጁ «እሺ፣ ከዚያስ?» ይላል። ቡንያን ያለ ፈቃድ በመስበኩ ቤድፎርድ እስር ቤት ዓመታትን ያሳለፈ፣ ከቆርቆሮ ሠሪ ቤት የተወለደ ሰው ነበር። መጽሐፉ እ.ኤ.አ. በ1678 ሲወጣ በመግቢያው ግጥም ላይ አንድ ደስ የሚል ነገር ይተርካል፦ ረቂቁን ለወዳጆቹ ሲያሳይ ለሁለት ተከፈሉ፣ ገሚሶቹ አሳትመው ሲሉት ገሚሶቹ ተው አሉት። የተው ባዮቹ ምክንያት ስለ እግዚአብሔር ነገር በፈጠራ አይነገርም የሚል ነበር። እሱ አሳተመው። ዛሬ ናርኒያን የሚነቅፈው ጥብቅ ፕሮቴስታንት ብዙውን ጊዜ ቡንያንን በአክብሮት ይይዛል፤ ከሦስት መቶ ዓመት በፊት የቡንያን ወዳጆች ያሉትን እየደገመ መሆኑ ግን አይታየውም።

የቡንያን መጽሐፍ ለአማርኛም ባዕድ አይደለም። በገብረ ጊዮርጊስ ተርፌ ተተርጉሞ በስዊድን ወንጌላዊ ሚሲዮን በኩል እ.ኤ.አ. በ1892 ታትሟል፤ ማለትም የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ ልብ ወለድ ሮም ላይ እ.ኤ.አ. በ1908 ከመታተሙ 16 ዓመት ቀደም ብሎ። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1915 ዓ.ም. ያሳተሙት «ወዳጄ ልቤ» የቡንያንን መንገድ የተከተለ ነው። ኅሩይ የኦርቶዶክስ ሊቅ ነበሩ፤ የእንግሊዛዊውን ፕሮቴስታንት ተጓዥ ተውሰው ያገራቸውን ሰው ጠባይና ኑሮ በምሳሌ ሲያሳዩበት አላፈሩም። ምናባዊ ጉዞ ለኢትዮጵያ አንባቢ በፊልም የመጣ ነገር ነው የሚል ካለ የመቶ ዓመት ስሕተት ይዟል።

ስለ ሃሪ ፖተር ጥቂት መባል አለበት፤ ምክንያቱም ናርኒያን የሚፈቅዱ ብዙ ወላጆች ይህኛውን ይከለክላሉ። የመጀመሪያው መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1997 ወጣ። የአሜሪካ ቤተ መጻሕፍት ማኅበር እ.ኤ.አ. ከ2000 እስከ 2009 ባሉት ዓመታት እንዲታገዱ አቤቱታ የቀረበባቸውን መጻሕፍት ሲዘረዝር አንደኛ ያደረገው ይህን ተከታታይ ነው። አላሞጎርዶ በምትባል የኒው ሜክሲኮ ከተማ አንድ ቤተ ክርስቲያን እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2001 መጨረሻ መጽሐፉን በአደባባይ አቃጥሏል። ክሱ የሚለየው አንድ ቦታ ላይ ነው፦ ሉዊስ ጋ ጠንቋይዋ ጠላት ናት፣ እዚህ ግን ጀግናው ራሱ የጥንቆላ ተማሪ ነው። እውነት ነው። ተከታታዩን እስከ ሰባተኛው ያነበበ ግን መቃብር ላይ ሁለት የመጽሐፍ ቅዱስ ጥቅሶች ተቀርጸው ያገኛል፣ አንዱ ከማቴዎስ፣ ሌላው ከአንደኛ ቆሮንቶስ። ሽፋኑን አይቶ የፈረደው ወገን እዚያ ገጽ አልደረሰም።

እስካሁን የተሰሙት ሁለት ወገኖች የሚለያዩ ይመስላሉ፤ ቀረብ ብሎ ላያቸው ግን የሚጠይቁት ጥያቄ አንድ ነው፦ «ትምህርቱ ምንድን ነው?» አንዱ ትምህርቱ ክፉ ነው ይላል፣ ሌላው ትምህርቱ ወንጌል ነው ይላል። ይህ ጥያቄ የቤተ ክርስቲያን ብቻ አይደለም። አማርኛ ማንበብ የለመደ ተማሪ በ«ታሪክና ምሳሌ» ያደገ ነው፤ ከበደ ሚካኤል ታሪኩን ከነገሩ በኋላ ምክሩን አብረው ይሰጡታል። አባባ ተስፋዬ ከ1950ዎቹ ዓ.ም. ጀምሮ ለአርባ ዓመት ያህል በቴሌቪዥን ያወሩት ተረትም ምክር ሳይከተለው አያልቅም ነበር። አገሩ ተረትን ከነምክሩ ነው የለመደው። ልጅ ግን የሚወደው ታሪኩን ነው፤ ምክሩ ሲመጣ መነሣት ይጀምራል።

እዚህ ላይ ደራሲው ራሱ ተከላካዮቹን ያሳፍራል። ሉዊስ ታሪኩ እንዴት እንደተጸነሰ ሲናገር በስብከት እንዳልጀመረ ገልጿል። ከ16 ዓመቱ ጀምሮ በረዷማ ጫካ ውስጥ ጃንጥላና ዕቃ ይዞ የሚሄድ፣ እግሩ የፍየል የሆነ ሰው በዐይነ ሕሊናው ይመላለስ ነበር፤ አርባ ዓመት ሲሞላው ስለ እሱ ታሪክ ልሞክር አለ። አንበሳው የመጣው በኋላ ነው። ያ ማለት በትምህርቱ የሚወደሰው መጽሐፍ ከአንድ እንግዳ ሥዕል የተወለደ ነው።

ታዲያ የዶዮገና ወይም የሆመቾ ልጅ ሲያነበው ምን ያገኛል? መሬት ሸፍኖ የሚከርም በረዶ አይቶ አያውቅም። ናርኒያ በጠንቋይዋ እርግማን ዘላለም ክረምት ናት፤ ገና ግን አይመጣላትም። ለእንግሊዝ ልጅ ይህ ከቅጣት ሁሉ የከፋ ነው። ለዚህኛው ልጅ በዓሉ መስከረም ላይ ነው፤ ሀዲያ ያሆዴ፣ ከምባታ መሳላ ይለዋል። ጭቃውና ጉሙ ሳይለቅ፣ ቱታ የሚባለው የሥጋ ማኅበር በሬ ሳይታረድ፣ ያሆዴ ሳይደርስ ክረምቱ ዝም ብሎ ቢቀጥል ማለት ነው፤ ያን ጊዜ እርግማኑ ይገባዋል። ኤድመንድ ደግሞ ወንድምና እህቶቹን ለጠንቋይዋ የሚሸጠው በአንድ ሣጥን የቱርክ ጣፋጭ ነው። ጣፋጩን የቀመሰ የሀዲያ ልጅ እምብዛም የለም፤ ነገር ግን በቡላና በቅቤ የተሠራ አታካና ከእንግዳ ፊት ሲቀርብ በር ላይ ቆሞ ምራቁን የዋጠ ልጅ ኤድመንድን ለመረዳት ማብራሪያ አይፈልግም። እንዲህ ያለውን ንባብ ሁለቱም ተከራካሪ ወገኖች አይጠይቁም።

ከጥንቆላው ክስ ውጭ ያሉት ነቃፊዎች ሌላ ወገን ናቸው። ቅድሚያው የቶልኪን ነው። የሉዊስ የቅርብ ወዳጅ ቢሆንም መጽሐፉን አልወደደውም፤ የግሪክ ተረት ፍጡራንን፣ የሚናገሩ እንስሳትንና የገና አባትን በአንድ አገር ማደባለቁ አልጣመውም። ይህ የባለሙያ ትችት ነው፤ ትክክልም ይመስላል፣ ለልጅ ግን ምንም አይመስለውም። ደራሲው ፊሊፕ ፑልማን እ.ኤ.አ. በ1998 ዘ ጋርዲያን ጋዜጣ ላይ ጠንከር ያለ ጽሑፍ አወጣ፤ እምነት የለሹ ፑልማን የናርኒያን ስብከትና ለሕይወት ያላትን ንቀት ይጠላል። ዋና ማስረጃው ሱዛን ናት። በመጨረሻው መጽሐፍ ከአራቱ ልጆች ትልቋ እህት ወደ ናርኒያ አትመለስም፤ ምክንያቱ ስቶኪንግ፣ ከንፈር ቀለምና የግብዣ ጥሪ ብቻ ስለሚያስደስታት ነው ይባላል። የሃሪ ፖተር ደራሲ ሮውሊንግም በዚህ ነገር ቅር እንዳላት ተናግራለች። ሆሳዕና ላይ ይህ ክስ የሚገለበጥበት ቤት አይጠፋም፤ ልጃቸው ከንፈሯን ቀብታ ወደ መዘምራን ልምምድ ስትሄድ የሚቆጡ እናት ከሉዊስ ጋር ነው የሚቆሙት። ልጅቷ ደግሞ ከፑልማን ጋር።

ካሎርመኖች የሚባሉት የናርኒያ ጎረቤቶች የባሰ ያከራክራሉ። እ.ኤ.አ. በ1954 በወጣው «ፈረሱና ልጁ» በበረሃ ማዶ የሚኖሩ፣ ጠይም፣ ጥምጥም የሚጠመጥሙ፣ ባሪያ የሚፈነግሉ ናቸው። ብዙ ተቺ ሉዊስ ሙስሊሞችንና ጠይም ሕዝቦችን አስቀይሞ ሣላቸው ይላል፤ ጽሑፉን የሚያነብ ሰው ይህን መካድ ያስቸግረዋል። በዚያው የ1999 ዓ.ም. ቆጠራ ከሀዲያ ዞን ነዋሪ ከአሥሩ አንዱ ያህል ሙስሊም ነበር። አንድ ክፍል ውስጥ አብረው የሚማሩ የወንጌላውያንና የሙስሊም ልጆች ይህን መጽሐፍ በእኩል ስሜት አያነቡትም፤ መምህሩ ሳያውቀው ቢያልፍ ጥፋት ነው። የሚያስገርመው በመጨረሻው መጽሐፍ የሚሆነው ነው። ዕድሜውን ሙሉ የካሎርመኖችን አምላክ በቅን ልብ ያመለከ ኤሜት የሚባል ወጣት መኰንን አስላን ፊት ሲቀርብ ይቀበለዋል። ስለዚህ ያው መጽሐፍ ሙስሊሙን በአሣሣሉ ያስቀይመዋል፤ ጥብቁን ወንጌላዊ ደግሞ በቸርነቱ። ብዙ ወንጌላውያን ሉዊስን የሚነቅፉት እዚች ቦታ ላይ ነው፤ ከጠንቋይዋ ይልቅ ይህ ሊያነጋግር የሚገባው የሥነ መለኮት ጥያቄ ነው።

ይህ ሁሉ ክርክር መጽሐፉ እጅ ሲገባ ነው። የሀዲያ ልጅ ቤቱ ሀዲይሳ፣ የከምባታው ከምባቲሳ ይናገራል፤ አንደኛ ደረጃን በዚሁ ቋንቋ በላቲን ፊደል ይጀምራል፣ አማርኛን እንደ ትምህርት ይማራል፣ እንግሊዝኛ በኋላ ይመጣል። እንዲህ ሲሆን ናርኒያን በእንግሊዝኛ አንብቦ ለመደሰት የሚደርሰው ዕድሜው ካለፈ በኋላ ነው። ለምሳሌ የቤተ መጻሕፍት ባለሙያው ዮሐንስ ገብረ ጊዮርጊስ ከመማሪያ መጽሐፍ ውጭ የመጀመሪያውን መጽሐፍ የያዙት በ19 ዓመታቸው እንደነበር ተናግረዋል። በኋላ ሳን ፍራንሲስኮ የልጆች ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ሲሠሩ የአማርኛ መጽሐፍ ከመደርደሪያው ሲያጡ የማሞ ቂሎን ተረት በሁለት ቋንቋ አሳተሙ፤ አዲስ አበባ ሾላ ላይም በ2003 እ.ኤ.አ. የልጆች ቤተ መጻሕፍት ከፈቱ። ያቋቋሙት ኢትዮጵያ ሪድስ ሐዋሳ ላይ መጽሐፍ በአህያ ጋሪ አዙሯል፤ በከምባታ ጠምባሮ ገጠር ደግሞ በፈረስ ጭኖ ወደ ትምህርት ቤቶች አድርሷል። ኤልሳቤጥ ሌርድ የተባለችው የብሪታንያ ደራሲ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ከየክልሉ ተራኪዎች አፍ የሰበሰበቻቸው ተረቶችም በ2000 እ.ኤ.አ. በመጽሐፍ ወጥተዋል፤ የወጡት ግን በእንግሊዝኛ ነው።

እንግዲህ ፍርዱ። «አንበሳው፣ ጠንቋይዋና ቁም ሣጥኑ» ከዘጠኝ ዓመት ጀምሮ ላለ ልጅ የሚሆን፣ በጠንቋይዋ ምክንያት ሊከለከል የማይገባው መጽሐፍ ነው። «ፈረሱና ልጁ» ከአዋቂ ጋር ይነበብ። የመጨረሻውን ለአሥራ ሦስትና ለአሥራ አራት ዓመት ማቆየት ይሻላል። አሳታሚዎች ከ1994 እ.ኤ.አ. ወዲህ «የጠንቋዩ የእህት ልጅ» የሚለውን ቁጥር አንድ አድርገው ያትማሉ፤ ደራሲውም በአንድ ወቅት ለአንድ ልጅ በጻፈው ደብዳቤ በዚህ ቅደም ተከተል ተስማምቷል። ቢሆንም አንባቢ አይስማማ። መጀመር ያለበት በ1950ው ነው፣ ምክንያቱም ቁም ሣጥኑ ሲከፈት ከበስተጀርባው ያለውን አስቀድሞ የሚያውቅ ልጅ ደስታው ይቀንሳል። ሆሳዕናና ዱራሜ ላይ የቤተ ክርስቲያንም ሆነ የትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ያላቸው ሰዎች ይህን መጽሐፍ ከቡንያን አጠገብ ያስቀምጡት። የዋቸሞ ዩኒቨርሲቲ የቋንቋ መምህራንና ተማሪዎች ደግሞ የሌሞና የአንጋጫ አያቶች የሚያወሩትን ረጅሙን ተረት በሀዲይሳና በከምባቲሳ መዝግበው ለልጅ በሚሆን መልክ ያሳትሙት፤ ከመጨረሻው ገጽ ላይ ምክር ባይጨምሩበት ይመረጣል።